ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ክርና አንድ ሰርተፍኬት

መጋቢት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ መሥሪያ ቤታችን ወደ አዲስ የዕድገት ምዕራፍ ተሸጋገረ። ሰዓቱን እንዲህ አጥብቄ የያዝኩት ኃላፊያችን በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ስላዘዙ ነው፤ ቃለ ጉባኤውን ፋይል ያደረግሁትም የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ ነበርኩም፣ ቀብሬአለሁም።

በዚያች ሰዓት ኃላፊው በቢሯቸው ተቀምጠው፣ የአሥራ አንድ እህት መሥሪያ ቤቶችን ኃላፊዎች በኮምፒውተር መስኮት እያዩ «የማይቋረጥ አገልግሎት ምስጢር» በሚል ርዕስ ንግግር ያደርጉ ነበር።

«በእኛ ዘንድ» አሉ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «መቋረጥ የሚባል ነገር...»

ተቋረጠ።

ወንድሜ ተጠራ። ታላቅ ወንድሜ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሥሪያ ቤቱን የኔትወርክ ገመድ የዘረጋ፣ የጠገነና ያስታመመ ሰው ነው። አራቱንም ፎቅ በጉልበቱ እየዳኸ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ «ጋሽ ሽቦ» ይለው ነበር። መጣና እጅ ነሥቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

«እግርዎን ትንሽ ወደ ግራ ያድርጉልኝ» አለ ከሥር።

«እግሬ ደግሞ ምን አደረገ?»

ወንድሜ ገመዱን ሰካው። መስመሩ ወዲያው ተመለሰ። አሥራ አንዱ ኃላፊዎችም በመጀመሪያ ያዩት ከጠረጴዛ ሥር ወደ ኋላ እየዳኸ የሚወጣ ሰው ጀርባ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሰሙትም ይህን ቃል ነበር፦ «ጫማዎን ሲያወልቁ ነው የሚነቀለው። ባለፈው ሳምንትም ነግሬዎት ነበር እኮ።»

ከአሥራ አንዱ መስኮቶች በአንዱ ውስጥ ሰው ሲስቅ ተሰማ።

ስብሰባው ሲያልቅ የሰው ኃይል አስተዳዳሪዋ ተጠሩ።

«ይህ ሰውዬ ምን ሰርተፍኬት አለው?»

«የለውም።»

«የለውም ማለት?»

«በፋይሉ ውስጥ ያለው የቅጥር ደብዳቤና አንድ የመሰላል መረከቢያ ነው።»

«እንግዲያው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ ሰርተፍኬት ነው ጠረጴዛዬ ሥር ሲገባ የኖረው!»

የታላላቅ ተቋማት ታላቅነት ችግርን ከሥሩ መመርመራቸው ላይ ነው። የእኛም መሥሪያ ቤት ችግሩ ጫማው እንዳልሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ደረሰበት። በማግሥቱ ሰርኩላር ወጣ፤ እስከ ሰኔ ሠላሳ የመግቢያ ደረጃ የኔትወርክ ሰርተፍኬት ያላቀረበ ሰው የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ያስረክባል፤ ሰርተፍኬቱን ያመጣ ማንኛውም ሠራተኛ ደግሞ ለቦታው መወዳደር ይችላል። ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስበው «አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል» ካሉ በኋላ፣ በዚያው ስብሰባ የሰርተፍኬት አሰጣጥ ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሥልጠናው ኮሚቴ የተቋቋመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ወንድሜ ለጡረታ የቀረው ሁለት ዓመት ነበር። የሚፈልገው ያንን ቁልፍ ከወገቡ ሳይፈታ ጡረታ መውጣት ብቻ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ቦታ ነው። ከአራቱ ፎቅ የሚወርዱት ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ገመዶች እዚያ ተሰብስበው ማሽኖቹ ላይ ይሰካሉ። ሁሉም ገመድ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ወንድሜ መጀመሪያ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጥፎባቸው ነበር፤ የክፍሉ ሙቀት ሙጫውን እያቀለጠ ወረቀቱን ሁሉ አረገፈው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ከመኪናዋ ሥር ቁርጥራጭ ክር ለቅሞ መጣና እያንዳንዱ ገመድ ላይ አሰረ። አንደኛ ፎቅ ቀይ፣ ሁለተኛ ነጭ፣ ሦስተኛ አረንጓዴ፣ አራተኛ ጥቁር። ክሩ ላይ ያለው ቋጠሮ ብዛት ከደረጃው በኩል ሲቆጠር ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ይናገራል። አምፖል ቢቃጠል እንኳ በጨለማ ቋጠሮውን በጣቱ ይዳብሳል። እንግዲህ ይህ ነበር ደረጃውን ያልጠበቀ አሠራር የተባለው።

አሰልጣኙ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የራሱን ሰርተፍኬት በፕላስቲክ አስለብጦ በቦርሳው ይዞ የሚዞር ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ለሥልጠናው ለተመዘገብነው እንዲህ አለን፦

«ይህ ሰርተፍኬት በር ይከፍታል።»

«የትኛውን በር?» አለ ወንድሜ ከኋላ።

«የሥራን በር፣ የዕድገትን በር! ሰርተፍኬት ያለው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ?»

«የት ይደርሳል?» አለ የኃላፊው ሾፌር።

«እኔን እዩኝ» አለ አሰልጣኙ።

አየነው። የእኛን መሥሪያ ቤት ደርሶ ነበር።

ከዚያ ለእያንዳንዳችን አንድ ጥራዝ ታደለን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ ከነመልሱ። ከእውነተኛው ፈተና ጋር የሚመሳሰለው በአጋጣሚ እንደሆነ አሰልጣኙ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገረን። ወፍራሙን የትምህርት መጽሐፍ ግን «ይህ ለማጣቀሻ ነው» ብሎ መስኮቱ እንዳይዘጋ መደገፊያ አደረገው።

«መረዳት ጊዜ ይፈጃል» አለ፤ «ያለን ስድስት ሳምንት ነው። አትረዱት፤ ያዙት።»

ያዝነው። ከሁሉ የበለጠ የያዘው ሾፌሩ ነው። ኃላፊውን ስብሰባ አድርሶ መኪና ውስጥ ሲጠብቅ ከመዋል ሌላ ሥራ ስላልነበረው ጥራዙን እንደ ዳዊት ደገመው። «ሰባ ሁለት!» ስንለው «ሐ!» ይላል። «መቶ አርባ!» ስንል «ሀ እና መ፤ ሁለት መልስ አላት፣ እሷ ተንኮለኛ ናት» ይላል። ጥያቄው ምን እንደሚል የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን እሱን ተከትዬ ያዝኩ፤ ማኅተም ስመታ በአንድ እጄ ጥራዙን እገልጥ ነበር።

መስኮቱን የሚደግፈውን መጽሐፍ የፈለገው ወንድሜ ብቻ ነው። ቤቱ ወሰደው። ከሥራ በኋላ ስሄድ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በእርሳስ እያሰመረበት አገኘዋለሁ።

«ና ና፣ አንተ! ይቺን እያት» አለኝ አንድ ቀን። «እኔ ገመድ ቆርጬ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ የምደረድርበት ተራ የለም? ስም አለው እኮ! መጽሐፉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተሥሏል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙን ሳላውቀው አብሬው ኖርኩ።»

ፊቱ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው በርቶ ነበር። ነገር ግን ፈተናው በሚያዝያ መጨረሻ ነበርና ደስታ አያሳልፍም። ጥራዙን አወጣሁ።

«እሺ ጋሼ፣ ጥያቄ አንድ። አንድ ተጠቃሚ ኢንተርኔት አልሠራልኝም ብሎ ደወለ። በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«ፎቁ አልተጻፈም።»

«ሦስተኛ ፎቅ ከሆነ እኮ መስኮቱ ዝናብ ያስገባል። ሁለተኛ ከሆነ ደግሞ ያቺ ጸሐፊ ወንበሯን ገመዱ ላይ ነው የምታሽከረክረው።»

«ጋሼ፣ ሰውየው የትም አይደለም። ጥያቄ ውስጥ ያለ ሰው ነው።»

«ታዲያ ጥያቄ ውስጥ ያለ ሰው ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?»

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሳቀች። «አንተ ደግሞ! ለ በልና ገላግለው። ለ አይደል?»

«ለ ነው እትዬ። ችግሩን መለየት።»

«አየህ፣ እኔ እንኳ አወቅሁት» አለችው።

«ሳልሄድ እንዴት አድርጌ ነው የምለየው?» አለ ወንድሜ፣ ከልቡ ተቸግሮ።

ለስድስት ሳምንት ያቺን ጥያቄ አላለፍንም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የፈተናው ቀን ሁላችንም በየኮምፒውተራችን ፊት ተቀምጠን ጸጥ ባለበት ወንድሜ እጁን አወጣ። ፈታኟ መጣች።

«ጥያቄው አልገባዎትም?»

«ገብቶኛል። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ግን አይልም።»

«አባቴ፣ ፎቅ የለውም።»

«እንዲያውስ ምድር ቤት ነው እንበል?»

«መልስ ይምረጡ።»

አልመረጠም። ኋላ ስጠይቀው «የማላምንበትን ከምመርጥ ባዶ ብተዋት ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። ፈተናው ሃምሳ ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው ሰባ ከመቶ። ሾፌሩ ዘጠና ስድስት አገኘ። እኔ ሰማንያ ስምንት። ወንድሜ ስልሳ ስምንት አገኘ፤ በአንድ ጥያቄ ወደቀ ማለት ነው። መድገም የሚፈቀደው ከሦስት ወር በኋላ ነበር፤ ሰኔ ሠላሳ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ሾፌሩ ከኃላፊው መሪ ላይ ሊነሣ ስላልተቻለ ምክትል ሆነ። ቦታው ለእኔ ደረሰ። «የኔትወርክ አስተዳደር ቡድን መሪ» ተባልኩ። ወንድሜ «የመሰላል ድጋፍ ሠራተኛ» ተብሎ በእኔ ሥር ተመደበ። ኃላፊው ደብዳቤውን ሲሰጡኝ «ቦታው ከቤተሰብ አልወጣም» ብለው ቀለዱ፤ በእውነትም አልወጣም። እንቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አዲስ የቢሮ ወንበር ነበረው።

ርክክቡ በሦስት ኮፒ ተፈረመ። ወንድሜ ቁልፉን ከቀበቶው ፈታ፤ ቀለበቱ ጠባብ ስለነበር ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«በሩ ያበጠ ነው» አለኝ። «ቁልፉን ስታዞር እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው። ካልሳብከው አይከፈትም።»

ይህ በርክክብ ሰነዱ ላይ አልሰፈረም። የሚሰፍርበት ሳጥን አልነበረም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አዲሱ ቡድን ታሪካዊ ሥራውን ጀመረ፤ አሠራሩን ደረጃ ማስያዝ። ጥራዙ በጥያቄ መቶ ሰማንያ ስምንት ገመድ በታተመ መለያ እንጂ በክር እንደማይታወቅ በግልጽ ያስቀምጣል፤ መልሱ ሀ ነው። ስለዚህ ክሮቹ እንዲወገዱ ተወሰነ። እኔ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። መሰላሉን የያዘው ወንድሜ ነው፤ የሥራ መደቡ ይህ ነበርና።

«ጋሼ፣ ልቁረጠው?»

«አለቃዬ አንተ ነህ።»

«እንደሱ አትበለኝ እንጂ።»

«ቁረጥ በቃ። ገመዱን ብቻ እንዳትነካው፣ ቀስ በል።»

ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ባለ ሦስት ቋጠሮ አረንጓዴ ነበር። እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ሁለት መቶ አሥራ ስድስቱም አለቁ። መሰላሉ አንዴም አልተነቃነቀም። ክሩ በአንድ ከረጢት ተጨምሮ «ቀለሙ ልዩ ልዩ የሆነ ክር፣ ብዛት ሁለት መቶ አሥራ ስድስት» ተብሎ ለንብረት ክፍል ገቢ ሆነ። የታተሙት መለያዎች ግን ገና አልደረሱም ነበር፤ ግዥው በሂደት ላይ ነበር። ወንድሜ በማግሥቱ ደረቱን አሞት ቀረ። ደረቱ ከክረምት በፊትም ያመው ስለነበር ማንም ምንም አላለም፤ እኔም አላልኩም።

ሐሙስ ዕለት ሾፌሩ ኃላፊውን አድርሶ ተመልሶ፣ ገመዶቹ እንደ ተበጠረ ፀጉር ቀጥ ብለው ቢደረደሩ ለጎብኚ ያምራሉ አለ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ነቀልን፣ አበጠርን፣ መልሰን ሰካን። በዚህ መካከል የአንድ ትርፍ አጭር ገመድ ሁለቱም ጫፎች እዚያው አንዱ ማሽን ላይ ተሰኩ። ማሽኑም ከራሱ ጋር ማውራት ጀመረ። ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ መልሱን እንደገና ይሰማና ይጮኻል፤ በጩኸቱም ሌላው ሁሉ መደማመጥ ተሳነው። ይህ ዓይነቱ አሠራር በእኛ መሥሪያ ቤት ስብሰባዎች የተለመደ ቢሆንም በማሽን ሲሆን አገልግሎት ያቆማል። አራቱም ፎቅ ጸጥ አለ። ስልክም፣ የበሩ ካሜራም፣ የፊርማ መቆጣጠሪያውም።

«ይህንን አውቃታለሁ!» አለ ሾፌሩ በደስታ። «ጥያቄ ሦስት መቶ አንድ ናት!»

«መልሷስ?»

«መ!»

«መ ምን ይላል?»

«መ ነዋ።»

«እሺ፣ መ ምን አድርጉ ይላል?»

ሾፌሩ ብዙ አሰበ። «እሱን እንኳ አልያዝኩትም» አለ።

ኃላፊው ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ለሁለት ቀን ተቀመጠ፤ ሁሉም ባለ ሰርተፍኬት ስለነበሩ ስብሰባው ጥልቀት ነበረው። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሹልክ ብዬ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሁለት ትራስ ተደግፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ኔትወርኩ ሞቷል።»

«ስንተኛ ፎቅ?»

«ሁሉም።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ሁሉም ከሆነ ገመድ አይደለም። ሰው ነው» አለ። ከዚያም ወደ ሚስቱ ዞሮ «ጫማዬን አቀብዪኝ» አላት።

«አትሄድም! ሐኪሙ ምን አለህ? ያባረሩህ ሰዎች እኮ ናቸው።»

«እነሱማ ይቅሩ። ማሽኑ ግን ምን አደረገ?»

እኔን እያየች ጫማውን አቀበለችው። ያንን አስተያየቷን ከዚህ በላይ አልገልጸውም።

ማሽን ክፍሉ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። መብራቶቹ ሲርገበገቡ ትንሽ አያቸውና «ያቺን ሦስተኛዋን ንቀላት» አለ። ነቀልኳት። መብራቶቹ ተረጋጉ። ከገባን ገና አራት ደቂቃችን ነበር። ግን ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ስም የሌላቸው ገመዶች አሁንም ቀርተዋል፤ ስልኩ ካሜራ ላይ፣ ካሜራው የኃላፊው ቢሮ ላይ ተሰክቷል። ክሩን ከንብረት ክፍል ለማውጣት ቅጽ ያስፈልጋል፤ ቅጹ ደግሞ የሚሞላው በኔትወርክ ነው። ሚስቱ ከቤት አዲስ ክር ይዛ መጣች።

ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከላይ አንድ ሰው በየክፍሉ እየዞረ ይነቅላል፣ ይሰካል፤ ወንድሜ መብራቷን አይቶ ይነግረኛል፤ እኔ አስራለሁ። «ነጭ፣ አራት ቋጠሮ። ጥብቅ አድርገው፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ አይደለም።» «አረንጓዴ፣ አንድ።» ሲደክመው እጠብቀዋለሁ፤ ደግሞ ይጀምራል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ጥቁር አሠርኩ። አምፖሉን አጥፍቶ «በል ያቺን ዳብሳትና ንገረኝ» አለኝ። ዳበስኩ። «አራተኛ ፎቅ፣ ስድስተኛ ክፍል» አልኩ። ቀለሙን በጣት እንዴት አወቅህ አላለኝም፤ የጥቁሩ ክር ሸካራ እንደሆነ እሱም ያውቃል። «አለፍክ» አለኝ።

መሥሪያ ቤቱ ውለታ አይረሳም። አገልግሎቱን በአጭር ጊዜ ስለመለሰ ለባለ ሰርተፍኬቱ ቡድን የምስጋና ወረቀት በደመቀ ሥነ ሥርዓት ተሰጠ። በሪፖርቱ ግርጌ ወንድሜም ተጠቅሷል፤ «ወንበር ላይ ተቀምጠው ቡድኑን ላበረታቱት የመሰላል ድጋፍ ሠራተኛ»። ሳነብለት በጣም ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት።

ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሞተ።

ኃላፊው መቃብሩ አጠገብ ቆመው፣ ጫማቸው ጭቃ እየነካው፣ ሟች ሰርተፍኬት ሳይኖራቸው ሰርተፍኬት እንደነበራቸው ሆነው የኖሩ ሰው ነበሩ ሲሉ ተናገሩ። ሾፌሩ አለቀሰ፤ እሱን አልነቅፈውም፣ ከልቡ ነበር። ከዚያም ኃላፊው ለሐዘንተኞች የምሥራች አበሠሩ። የክሩ አሠራር የመሥሪያ ቤቱ ኦፊሴላዊ ደረጃ ሆኗል፤ በሟች መታሰቢያነትም የክር ሰርተፍኬት ፈተና ይጀመራል። ቁልፉን የሚይዘው ፈተናውን ያለፈ ብቻ ይሆናል።

ፈተናውን ያወጣው ሾፌሩ የሚመራው ኮሚቴ ነው። የሦስተኛ ፎቅ ክር ቀለም አከራከራቸው። ሄዶ ማየት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ክፍሉ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ እኔ ደግሞ ተፈታኝ ስለሆንኩ ኮሚቴው እኔን ማነጋገር አይችልም። ስለዚህ ድምፅ ተሰጠበት። በሦስት ድምፅና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ሰማያዊ ሆነ።

ለፈተና ተቀመጥኩ። ሃምሳ ጥያቄ። የክሩን አሠራር የጀመረው ማን ነው ይላል፤ ሀ ማኔጅመንቱ፣ ለ ቡድኑ፣ ሐ ሁለቱም በጋራ። ከሥሩ በእጄ «መ» ብዬ ጨምሬ «ወንድሜ» ብዬ ጻፍኩ። የሦስተኛ ፎቁ ጥያቄ ላይ አረንጓዴ አልኩ። ሌሎቹንም ጣቴ እንደሚያውቃቸው መለስኩ። በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ተጠቃሚ ኢንተርኔት አልሠራልኝም ብሎ ደውሏል፤ በመጀመሪያ ምን ይደረጋል ይላል። ለ እንደሆነ አውቃለሁ። ባዶ ተውኳት።

ስልሳ ስምንት አገኘሁ። ማለፊያው ሰባ ነው።

ወደ መዝገብ ቤት ተመልሻለሁ። ዋናው የኔትወርክ ሰርተፍኬቴ ለሦስት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ነበር፤ ባለፈው ሚያዝያ ጊዜው አለፈ። ፈተናውን ያወጣ ሰው እንዳለፈ ስለሚቆጠር ቁልፉ አሁን በሾፌሩ ወገብ ላይ ነው። በሩን ግን መክፈት አልሆነለትም፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከመዝገብ ቤት ወርጄ፣ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ እከፍትለታለሁ።